ሁለት በር ያለው ማረፊያ በባህሩ ዳርቻ

ከምንኖርባት የእስራኤል ከተማ ከአፉላ ወደ ባህር የሄድነው ለመዝናናት አልነበረም። ሌሎች የሚዝናኑበትን ቦታ ልንመርጥ ነው፤ እሱም መዝናናት ከተባለ። አባቴና ታናሽ ወንድማቸው ጋሼ ደሳለኝ ከተኳረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሁለቱም የሚኖሩት አፉላ ኢሊት የሚባለው ሰፈር፣ አንድ መንገድ ላይ ነው። አንዱ ከሱቅ ሲመለስ ሌላው በረንዳ ላይ ከተቀመጠ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኛ ልጆቻቸው ደግሞ ከሁለቱም ቤት እየበላን፣ ያንዱን ወሬ ለሌላው ሳናወጣ፣ እንደ ሌባ ስንሽሎኮለክ ኖርን።

ጠቡ የመጣው ከመርዶ ነው። ጎንደር የቀረችው እህታቸው ስትሞት ስልኩ የተደወለው ለጋሼ ደሳለኝ ነበር። አባዬ በዚያው ሰሞን የግራ ጉልበታቸውን ኦፕራሲዮን ተደርገው ሆስፒታል ተኝተዋል። ጋሼ፣ "ቁስሉ ሳይጠግግ እንዴት ብዬ ላርዳው? ተነስቶ መሬት ላይ ሊወድቅ ነው" ብለው ዝም አሉ፤ እኛንም ዝም አሰኙን። አባዬ ድነው ቤታቸው ገብተው መርዶውን ሲሰሙ በሐዘኑ ላይ ሌላ እሳት ተጨመረ። "እህቴ አፈር ለብሳ እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስበላና ስስቅ ከረምኩ! ታላቁ እኔ አይደለሁም እንዴ? በእኔ ላይ ማን ሾመው?" አሉ። ከዚያ ወዲያ የወንድማቸውን ስም አልጠሩም፤ ሲያነሱት "እሱ" ነው።

አሁን የማሩ ልጅ ልታገባ ነው። ማሩ የጋሼ ደሳለኝ ልጅ፣ የእኔ የአጎት ልጅ ነው። ሙሽራዪቱ "የቤቱ ታላቅ ሳይመርቀኝ አላገባም" ብላ ቁጭ አለች። የቤቱ ታላቅ ደግሞ አባዬ ናቸው። ሽማግሌ ገባ። አባዬ "እሱ ይምጣና ይቅርታ ይበል" አሉ። ጋሼ "አላጠፋሁም፤ አልሄድም" አሉ። ማን ወደ ማን ቤት ይሂድ በሚለው ላይ ነገሩ ሁሉ ተገተረ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቹ ሰለቻቸውና "እንግዲያው የማንም ያልሆነ ቤት ፈልጉ" አሉን። ሙሽራዪቱ "ባህር አጠገብ ይሁን" አለች። እንዳይዳላ ከየወገኑ አንድ ሰው ተላከ፤ ከአባዬ ወገን እኔ ትርንጎ፣ ከጋሼ ወገን ማሩ።

ጠዋት፣ የአፉላ ባቡር ጣቢያ

ልወጣ ስል አባዬ ከወንበራቸው ሳይነሱ ጠሩኝ።

"ትርንጎ፣ 'እሱ ዘንድ ሄደ' የሚባልበት ቤት እንዳትመርጪ። ቀድሞ ገብቶ ከተቀመጠ እኔ ሄድኩለት ማለት ነው።"

"እርስዎ ቀድመው ቢገቡስ?"

"ያኔ እሱ አይገባም። አባቱን የመሰለ ግትር ነው" አሉ፤ አባታቸው አንድ መሆኑን ረስተው።

ጣቢያው እሁድ ስለሆነ ከዕረፍት ወደ ጦር ሰፈራቸው በሚመለሱ፣ ቦርሳ በተሸከሙ ወታደሮች ተሞልቷል። ማሩ አንድ ከረጢት የአፉላ ሱፍ ይዞ እየፈለፈለ ጠበቀኝ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነውና ባቡር ላይ ሲሳፈር እጁ ሥራ ፈትቶ ይጨንቀዋል። በሸለቆው ስንዴው ገና አረንጓዴ ነበር፤ አለፍ አለፍ ብሎ የታረሰ ጥቁር መሬት አለ። ማሩ በመስኮቱ እያየ "እቴ፣ ዛሬ ካልሆነ ልጄ ቆማ ቀረች በይ" አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ዞር ስል ዓይኑ ቀልቷል።

"አይዞህ፣ የባህሩ ዳርቻ ረጅም ነው" አልኩት።

ሃይፋ፦ ሆቴሉ

የመጀመሪያው ማረፊያ አሸዋው ላይ የቆመ ትልቅ ሆቴል ነው። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ መኝታ ቤቱ ባህሩን ያያል፣ ሰውም ትሁት ነው። ምግብ ቤቱን እስክናይ ድረስ ወድጄው ነበር። ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ትንንሽና ክብ ናቸው፤ ሁለት ሁለት ሰው ብቻ ይይዛሉ።

ማሩ ዞር ዞር ብሎ አየና "አባቴ እዚያ ጥግ፣ አባትሽ እዚህ ጥግ። ሁለት ቀን ሙሉ ቁርስ በልተው ሳይተያዩ ይመለሳሉ" አለ።

"ራሳችን ማብሰል እንችላለን?" ብዬ እንግዳ ተቀባይዋን ጠየቅኋት። በትሕትና ሳቀች። ዋጋውን ስትነግረን እኛም በትሕትና ሳቅን። ለኩርፊያ ይህን የመሰለ ቤት የለም፤ እኛ የመጣነው ለእርቅ ስለሆነ ወጣን።

ናሃሪያ፦ የእንጨት ቤት

ባቡር ይዘን ወደ ሰሜን ወጣን። ጣቢያው አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል በሚጥሚጣ በላን። ሁለተኛው ማረፊያ እዚህ ሰዎች ዚመር የሚሉት፣ ጓሮ ውስጥ ያለ የእንጨት ቤት ነው። ማሩ በኢንተርኔት ያገኘው ማስታወቂያ "ጸጥ ያለ፣ ለሁለት ሰው የሚመች" ይላል። እኛም ለሁለት ወንድማማቾች የሚሆን መስሎን ሄድን።

ባለቤቷ በሩን ስትከፍተው አልጋው ላይ ቀይ የአበባ ቅጠል ተበትኗል። ከአልጋው ግርጌ ደግሞ ውሃው የሚፍለቀለቅ ሰፊ ገንዳ አለ። ሴትዮዋ እኔንና ማሩን ደስ ብሏት አየችን።

"ከተጋባችሁ ስንት ዓመታችሁ?"

"እህቴ ናት!" ብሎ ማሩ ወደ ኋላ ዘለለ። እኛ ዘንድ የአጎት ልጅ እህት ነው፤ ለሴትዮዋ ግን ይህን ማስረዳት ነገሩን አባባሰው።

እኔ ሁለቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን እንደለበሱ ገንዳው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠው ታዩኝ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ። መንገድ ላይ ለማሩ ስነግረው እሱም ሆዱን ይዞ አጥር ተደገፈ። ከጠዋት ጀምሮ ፊቱ ሲፈታ ያየሁት ያኔ ነው።

ከሰዓት፣ ፉርጎው

ሦስተኛውን የነገረን የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ማሩ የሥራ ባልደረባ ስለሆነ ከወንበሩ ጀርባ ቆሞ ችግራችንን ሁሉ ዘረገፈለት። ሹፌሩ ወደ አኮ በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት መንደር በር አወረደንና "ወደ ባህሩ ሂዱ፣ ባቡር ታያላችሁ" አለን።

እውነትም ባቡር ነው። ከባህሩ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ከባሕር ዛፎች ሥር፣ ሐዲዱ ተነቅሎ ብቻውን የቀረ አሮጌ የመንገደኛ ፉርጎ ቆሟል። ባለቤቱ ይጋኤል የሚባል ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ ነው። ሊቆራርጡት ሲሉ ገዝቶ ማረፊያ አደረገው። ሁለቱ ጫፍ መኝታ ነው። መሃሉ ላይ ግድግዳዎቹን አፍርሶ ረጃጅም የእንጨት ወንበሮችን ፊት ለፊት አስቀምጧል፤ የተቀመጠ ሰው ጉልበቱ ከፊቱ ካለው ሰው ጉልበት ሊነካካ ምንም አይቀረው። ውጭ ዳስ ሥር ምድጃ አለ፤ የራሳችንን ድስት ማምጣት እንችላለን። ዋጋውም ከሆቴሉ ግማሽ አይሞላም።

እኔ ግን ዓይኔ የቀረው በሮቹ ላይ ነው። እንደማንኛውም ፉርጎ በዚህም ጫፍ በዚያም ጫፍ በር አለው።

"ማሩ፣ አየህ? አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ!"

"ባንድ ጊዜ!" አለና ግንባሩን መታ። "ማንም ወደ ማንም አልሄደም!"

ልንሞክረው ግድ ሆነ። እሱ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሮጠ፣ እኔ በዚህኛው ቆምኩ፣ "ግባ!" ብዬ ጮህኩ። የብረቱ ደረጃ ቀላል አይደለም። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ብረቱን ይዤ፣ እያለከለክሁ መሃል ስደርስ ማሩ ተቀምጦ ሱፉን ይፈለፍላል።

"ወግድ! ቀደምክ እኮ! አባዬ ቢሆኑ ይህን ጊዜ ተመልሰው ወርደዋል።"

እንደገና ወጣን፣ እንደገና ገባን። አሁን ደግሞ እኔ ቀደምኩ። ይጋኤል እጁን አጣምሮ ሲያየን ቆይቶ "ይቅርታ፣ ምን እያደረጋችሁ ነው?" አለን። ነገርነው። አልሳቀም።

"ወንድም ነበረኝ" አለ። "በር ስንቆጥር ዕድሜ አለቀ።"

ሄዶ ውሃ አመጣልን። በመጨረሻ ሁለታችንም እኩል መሃል ደርሰን ፊት ለፊት ተቀመጥን። በመስኮቱ ባህሩ ይታያል። ለከርሞ የሚያስፈልገንን ሁሉ ያገኘን ይመስል ደስ አለን።

ማታ፣ አፉላ

በሃይፋ በኩል ተመልሰን ስንደርስ መሽቷል። መጀመሪያ ወደ አባዬ ሄድን። ሁሉን ነገርናቸው። ሁለቱን በር ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

"እኩል ነው የሚገባው?"

"እኩል ነው። ሞክረነዋል።"

"እንግዲያው ይሁን" አሉ።

ከዚያ ወደ ጋሼ ደሳለኝ ወጣን። ማሩ እጁን እያወናጨፈ ፉርጎውን አስረዳ። ጋሼ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ሲጨርስ ስለ በሩ ይጠይቃሉ ብዬ ስጠብቅ፦

"መውጫው እንዴት ነው? ደረጃ አለው?" አሉ።

"አለው፤ የባቡር ደረጃ ነው" አለ ማሩ።

"ከፍታው?"

በእጄ ቅልጥሜ ላይ አሳየኋቸው። ያን ጊዜ ራሴ እንዴት እንዳለከለክሁ ትዝ አለኝ፤ ደነገጥኩ። የአባዬ ልጅ እኔ፣ ቀኑን ሙሉ በር ስቆጥር ውዬ፣ የገዛ አባቴ ጉልበት አንድ ጊዜ እንኳ ትዝ አላለኝም።

"ታዲያ አያ በዚያ ግራ እግሩ እንዴት ብሎ ብቻውን ይወጣል?" አሉ ጋሼ፣ በእኛ ላይ ተቆጥተው። ታላቅ ወንድማቸውን "አያ" ሲሉ ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። "ይሄ የሁለት በር ጨዋታችሁ ይቅር። እኔ ቀድሜው ወጥቼ እጁን እይዘዋለሁ። በአንዱ በር ነው የምንገባው።"

ማሩ አፉን ከፈተ፤ በጥፍሬ ቆነጠጥኩትና ዘጋው።

ብቻዬን ወደ አባዬ ተመለስኩ። የተባለውን ቃል በቃል ነገርኳቸው።

"ደረጃውን ያነሳሽው አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም አባዬ። እኔ ረስቼዋለሁ። እሳቸው ናቸው።"

እጃቸው ግራ ጉልበታቸው ላይ ነበር። "ያኔም ለዚሁ ጉልበት ብሎ ነው" አሉ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። እኔም አለቀስኩ፤ ምን እደብቃለሁ።

ባህር አጠገብ ማረፊያ ለምትፈልጉ ከዚህ ጉዞ የተማርኩትን ልንገራችሁ። ዕይታውን ማንም ይነግራችኋል፤ እናንተ ስለ ደረጃው ጠይቁ፣ ስትጠይቁም ማን እንደሚወጣው አስባችሁ ይሁን።

በማግስቱ ለይጋኤል ደውዬ ፉርጎውን ያዝኩ። ነገራችንን አልረሳም፤ "ሁለቱንም በር ከፍቼ ልጠብቃችሁ?" አለኝ።

"አይ፣ አንዱ ይበቃል" አልኩት።