የጉርድ ፎቶው ኮት

ሀርድ ዲስክ ከመሞቱ በፊት ድምፅ ያሰማል። ለተማሪዎቼ ሳስረዳ፣ ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያበራ ክብ ሳህን አለ፤ ሳህኑ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚል ቀጭን ክንድ አለ፤ ክንዱ የፈለገውን ሲያጣ ወደ መነሻው ይመለስና እንደገና ይሞክራል እላቸዋለሁ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ያ መመላለስ ነው። አከራዬ ድምፁን ሲሰሙ ግን ጆሮአቸውን ወደ ላፕቶፑ አስጠግተው፣ “እየሠራ ነው መሰለኝ” አሉኝ። ልክ ናቸው፣ እየሠራ ነበር። የሚፈልገውን ግን አላገኘም።

እንጅባራ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አከራዬ ከተማዋን ዛሬም በድሮ ስሟ ቆሰበር ነው የሚሏት። በግቢያቸው ካሉት ክፍሎች አንዷን ተከራይቼ ስኖር ያስለመድኳቸው ነገር ቢኖር ገመድ ነው። ቻርጀር ለብቻ፣ የስክሪን ገመድ ለብቻ፣ አሮጌ ማውስና ኪቦርድ ለብቻ በካርቶን ደርድሬ አስቀምጣለሁ። ክፍሌን ሊጠርጉ ሲገቡ፣ “መምህር፣ ሰው ዶሮ ያረባል፤ አንተ ገመድ ታረባለህ” ይሉኛል። ስቀው ሲጨርሱ የእያንዳንዱን ጥቅም አስረዳቸዋለሁ። እሳቸውም እስከ መጨረሻው ቆመው ይሰማሉ። እንዲህ የሚሰማኝ ሰው ብዙ የለም።

አንድ ወንድ ልጅ ነበራቸው። ዳንግላ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ፎቶ ኮፒ ያደርጋል፣ ጽሑፍ ያትማል፣ ስልክ ላይ ዘፈንና መዝሙር ይጭናል። ዋናው ገቢው ግን ጉርድ ፎቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ወጥሯል፤ ከጨርቁ ጎን ምስማር ላይ አንድ ጥቁር ኮት ተሰቅሏል፤ ከረባቱ ኮቱ ላይ ተሰፍቷል። መታወቂያ ሊያወጣ ከገጠር የመጣ ገበሬም፣ ለፈተና የሚመዘገብ ተማሪም፣ ሥራ ፈላጊም ያንኑ ኮት ከላይ ደርቦ ይቀመጣል። ለቀጭኑ ሰው ኮቱ ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ ይሰበሰብለታል፤ ለወፍራሙ ቁልፉ ሳይዘጋ ይተዋል። ፎቶው ላይ ሁሉም ልኩን ያሰፋ ይመስላል። የኔንም የመምህርነት መታወቂያ ፎቶ ያነሳኝ እሱ ነው።

ለበዓል እናቱ ዘንድ ሲመጣ ሁለታችን ስለ ኮምፒውተር ስናወራ እንውላለን። ላፕቶፑን ከባሕር ዳር ከአንድ ሱቅ ከዋስትና ጋር ገዝቶት ሲመጣ፣ ከሥር ገልብጬ የአየር ማስገቢያውን፣ ከጎን የገመድ ቀዳዳዎቹን ማየት ጀመርኩ። እሱ ሳቀብኝ። “አንተ ኮምፒውተር ስትገዛ እንደ በሬ ጥርሱን ነው የምታየው” አለኝ። ፍጥነት እንጂ ስፋት አይጠቅምህም ብዬ ተከራከርኩት። እሱ የፈለገው ሰፊውን ነበር። ያነሳውን ሰው ፎቶ አያጠፋም፤ ሰው ቅጂ ሲጠፋበት ተመልሶ ይመጣልና።

ከዚያ ኔትወርኩ ሄዶ ብዙ ቆየ። መንገዱም አንዴ ይከፈታል፣ አንዴ ይዘጋል። መናኸሪያው ጭር ሲል ሱቁም ጭር አለች። አንድ ቀን ላፕቶፑን፣ ማተሚያውንና ኮቱን በባጃጅ ጭኖ መጥቶ እናቱ ቤት አስቀመጠ። አዲስ አበባ ሥራ አግኝቻለሁ ብሎ ሄደ። እናቱ ላፕቶፑን ቁም ሳጥን ላይ አኑረው እንደ ቴሌቪዥን ዳንቴል አለበሱት።

አዲስ አበባ አልቀረም። አብሮት የተሰደደ ልጅ ከሩቅ አገር ለሟቹ አጎት ደውሎ ባሕሩን ሳይሻገሩ መሞቱን ነገረ። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሲነጋጋ ነው የሚነገረው። አጎትየው በዋዜማው ጠርተው ነገሩኝና ፊቴ ላይ እንዳይታወቅብኝ አስጠነቀቁኝ። ያን ዕለት አከራዬ ቆሎ ይዘውልኝ መጡ። ተቀብዬ ስለ ዝናቡ አወራኋቸው።

ክረምት ነበር፣ ትምህርት ተዘግቷል። አስከሬን በሌለበት ለቅሶ ሰው የሚያለቅሰው ፎቶውንና ልብሱን እያየ ነው። በመርዶው ቀን የተገኘው ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለ የተነሳው፣ ጆሮው ፊቱን የሚበልጥበት። ራቅ ካለ ቀበሌ የመጡ ለቀስተኞች ድንኳኑ ውስጥ ሕፃን ነው እንዴ የሞተው እያሉ ሲጠያየቁ እናቱ ሰሙ። ሰዉ ሲበተን አስጠርተውኝ፣ “ሕፃን አይደለም የሞተብኝ” አሉኝ። “ለአርባው ፊቱን አምጣልኝ።”

የፈለጉት ይኸው ነበር። ስልኩንና መታወቂያውን ይዟቸው ሄዷል። ፌስቡኩ ላይ የለጠፈው የራሱን ሳይሆን የኳስ ተጫዋች ምስል ነው። የወረዳውን ሰው ሁሉ ያነሳ ልጅ እሱን ያነሳው ሰው አልነበረም። እናቱ ግን አንድ ፎቶ አይተዋል። ሰማያዊውን ጨርቅ የወጠረ ቀን ብርሃኑን ለመለካት ኮቱን ለብሶ ራሱን አንስቶ ነበር። በበዓል መጥቶ ላፕቶፑ ላይ ሲያሳያቸው ሙሽራ መስለሃል ብለውታል። ፎቶው እዚያ ውስጥ አለ።

ዳንቴሉን አንስቼ ስከፍተው ነው ያ ድምፅ የመጣው።

አጎትየው ባሉበት ሁለት መንገድ እንዳለ አስረዳሁ። አንደኛው፣ ላፕቶፑን ፈትቼ ዲስኩን አውጥቼ በራሴ ገመድ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ማገናኘት ነው፤ ሊነበብ ይችላል፣ ጨርሶ ሊሞትም ይችላል። ሁለተኛው፣ ዋስትናው ገና ስላላለፈ ለሸጠው ሱቅ መላክ ነው። አጎትየው በአገር ሽምግልና ብዙ የተቀመጡ ሰው ናቸው። ከሥሩ የተለጠፈችውን የዋስትና ወረቀት በጣታቸው ነክተው ይህ ምንድን ነው አሉኝ። ከተቀደደ ዋስትናው ይቀራል አልኳቸው።

“እንግዲያው ማኅተም ነዋ” አሉ። “የሰው ማኅተም ቀደህ ነገ ምን ብለህ ትከራከራለህ? የማኅተሙ ባለቤት ይክፈተው።”

እናትየው እኔን አዩኝ። እኔም ለሚሞት ዲስክ ባለሙያ ይሻላል ብዬ አሰብኩ። ዛሬም ቢሆን አሳቡ ስሕተት ነው አልልም።

የሱቁ የደንበኞች አገልግሎት ስልክ ሙዚቃ ካሰማ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች። ለስላሳ ድምፅ ነበራት። የሞተ ሰው ዕቃ መሆኑን፣ የምንፈልገው ማሽኑን ሳይሆን ውስጡ ያለውን ፎቶ መሆኑን፣ ማሽኑ ባይመለስ እንኳ ግድ እንደሌለን ነገርኳት። ሳታቋርጥ ሰማችኝ። ነፍስ ይማር አለች። የነገርኳትን መልሳ ነገረችኝና ትክክል ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ትክክል ነበር። ያም አልበቃኝም፤ ያንኑ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ክዳኑ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት። እናትየው በልጃቸው ፎጣ ጠቀለሉት፤ ለምናውቀው የሚኒባስ ሹፌር አደራ ሰጠነው። መገልበጫ እንዲሆነኝ የራሴን ተንቀሳቃሽ ዲስክ አጽድቼ ጠረጴዛዬ ላይ አዘጋጀሁ።

ቆየ። መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ። አርባው ከመርዶው ቀን ነው የሚቆጠረው፤ የሞተበትን ቀን የሚያውቅ አልነበረምና። እናትየው በየጠዋቱ በሬን ቆርቁረው ምንም ሳይጠይቁ፣ “አደርክ?” ይሉኛል። ምን ለማለት እንደፈለጉ ስለማውቅ፣ “ገና ነው እትዬ” እላቸዋለሁ።

ዕቃዎ ተጠግኗል የሚል መልእክት ስልኬ ላይ ሲገባ እየሮጥኩ ነው የነገርኳቸው። የዚያኑ ቀን ሰው ልከው ፎቶ ቤቱን ስለ ትልቁ ክፈፍ አስጠየቁ። ሹፌሩ ላፕቶፑን ሲያመጣ ጎረቤት ሁሉ ገባ። ፎጣውን ፈታሁ። እጅግ ንጹሕ ነበር። በኪቦርዱ ፊደሎች መካከል የነበረው የሱቁ አቧራ የለም። እኔ የለጠፍኩት ወረቀትም የለም፤ የፕላስተሩ ሙጫ እንኳ ተፍቆ ተወልውሏል።

አበራሁት። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ጠፍቷል። ስክሪኑ ቋንቋ ምረጥ አለኝ፤ ቀጥሎ አገር ምረጥ አለኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። እጄ ግን ወደ ፊት መሄዱን አልተወም።

እናትየው ከጎኔ ተቀምጠው ነበር። “ምን ይላል?” አሉኝ።

“ስም ይጠይቃል።”

“የሱን ስም ንገረዋ።”

ጻፍኩት። ማሽኑም ትንሽ አሰበና እንኳን ደህና መጣህ ብሎ በስሙ ሰላምታ ሰጠ። ሰማያዊ ባዶ ስክሪን ተከፈተ። እናትየው ስሙን ማንበብ ባይችሉም ሰማያዊውን አዩት። የጨርቁ ቀለም መስሏቸው ይሆናል፤ ነጠላቸውን አስተካክለው ቀና ብለው ተቀመጡ።

“በል አሁን አሳየኝ” አሉ።

ስልክ ላውራ ብዬ ወጣሁ። የግቢው አጥር ሥር ቆሜ ደወልኩ፤ ያችው ልጅ ነበረች። ሀርድ ዲስኩ ተበላሽቶ ስለነበር ያለ ክፍያ በአዲስ እንደተተካ ነገረችኝ። አሮጌውስ አልኳት። በዋስትና የተቀየረ ዕቃ ለአቅራቢው ይመለሳል፣ እዚያም ይወገዳል አለች። አስረድቼሽ ነበር እኮ ስላት ከፊቷ ያለውን አነበበችልኝ።

“አዎ፣ ተመዝግቧል። ‘ደንበኛው ፎቶ እንዳላቸው ገልጸዋል’ ይላል።”

“ታዲያ?”

“ቴክኒሻኑ የሚያየው የብልሽቱን ዓይነት ብቻ ነው። በጣም አዝናለሁ። ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖር ይሆን?”

አልተቆጣሁም። ልጅቷ ያጠፋችው ነገር አልታየኝም። ስልኩ ሲዘጋ የተቀዳ ድምፅ መጥቶ፣ በአገልግሎታችን ረክተው ከሆነ አንድን ይጫኑ አለኝ። ድምፁ ደጋግሞ ጠይቆ በራሱ እስኪቆም ድረስ ጆሮዬ ላይ ይዤው ቆየሁ።

ስመለስ አጎትየው ላፕቶፑን ለጎረቤት እያሳዩ አዲስ ሆኖ መጣ እኮ ይላሉ። ፊቴን አይተው ክዳኑን ከደኑት። እኔ ማስረዳት የምወድ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ግን ከየት እንደምጀምር ጠፋኝ።

“ፎቶው የለም እትዬ። የተበላሸውን ዕቃ ሲቀይሩት አብሮት ሄደ።”

“ወዴት?”

“አላውቅም።”

“እሱንም የት እንደጣሉት አልነገሩኝም” አሉና ተነሥተው ዳንቴሉን መልሰው ላፕቶፑ ላይ ጣል አደረጉት።

የአርባው ዕለት ድንኳኑ ውስጥ የስምንተኛ ክፍሉን ፎቶ አላወጡም። ኮቱን አወጡ። ቁልፎቹን ዘግተው፣ የተሰፋውን ከረባት አቅንተው በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ሰቀሉት። ከሥሩ ተቀምጠው በአዊኛ ያለቅሱ ነበር። እኔ አዊኛው ቶሎ አይገባኝም፤ ቆሰበርንና ዳንግላን ሲጠሩ ብቻ ለየሁ።

ረፋድ ላይ ከዳንግላ ሰው በሚኒባስ መጣ። አብዛኛው የሱቁ ደንበኛ ነው። አንድ ሸምገል ያለ ገበሬ እያለቀሰ ገብቶ ከኮቱ ፊት ሲደርስ ድምፁ ተቋረጠ።

“ይህን ኮት እኔም ለብሼዋለሁ” አለ።

ከደረት ኪሱ በላስቲክ የተጠቀለለ መታወቂያ አውጥቶ ለእናትየው ሰጣቸው። ፎቶው ላይ ያው ኮት፣ ያው ከረባት አለ። ከኋላው ያለች ሴትም ቦርሳዋን ከፈተች። ቀጥሎ አንድ ተማሪ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ኪሱን ሲፈትሽ ለቅሶው ረገብ አለ።

እናትየው መታወቂያዎቹን አንድ በአንድ ተቀበሉ። የሰዎቹን ፊት አይተው አያልፉም፤ በአውራ ጣታቸው ይሸፍኑታል። ከጣቱ በታች ትከሻውና ከረባቱ ይቀራል። ያን ጥቂት አይተው ይመልሳሉ።

ገበሬውን፣ “ሲያነሳህ ምን አለህ?” አሉት።

“‘ቀና በሉ አባባ፣ አይሳቁ’ አለኝ።”

“አይሳቁ አለህ?”

“አዎ። መንግሥት የሳቀ ሰው አይወድም አለኝ።”

አንዳንድ ሰው ፈገግ ሊል ቃጣውና ተወው። ቀጥሎ ያለችውን ሴት እንዲሁ ጠየቋት፤ ቀና በይ፣ አትሳቂ ብሏታል። ተማሪውንም ጠየቁ። ለሁሉም ያንኑ ነበር የሚለው። እናትየው ግን ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ ይጠይቁና መልሱን ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ።

እኔም ተራ ያዝኩ። ስደርስ የመምህርነት መታወቂያዬን ሰጠኋቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። ፊቴን በአውራ ጣታቸው ሸፈኑት።