ሁለት ካሜራ በአንድ ቦይ

ወንዳወቅ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። የእሱን ሱቅ ከእኔ የልብስ ስፌት ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ ቆጣሪያችንም አንድ ስለሆነ እሱ የመበየጃ ካውያውን ሲሰካ የእኔ አምፖል ይፈዛል። ክፉ ሰው አይደለም። ብቻ ጀምሮ መጨረስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የተሰጠውን ሬዲዮ ይፈታል፣ ውስጡ የሚያስደንቀው ነገር ያገኛል፣ እሱን ሲከተል ባለሬዲዮው ያረጃል። የፍኖተ ሰላም ሰው ዕቃውን ለእሱ የሚሰጠው ሌላ ጠጋኝ ሲያጣ ነበር።

በሁለት ሺህ ሰባት፣ ጥር ላይ፣ ባንቺአየሁን ለማግባት ወደ አባቷ ወደ አያ ባዬ ሽማግሌ ላከ። አያ ባዬ ከከተማው በታች ያለው የመስኖ ቦይ የውሃ አባት ናቸው። ማን በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚያገኝ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ለጎመን መደቤ ተራ የምጠብቀው ከእሳቸው ነው። ሽማግሌዎቹን አብልተው አጠጥተው፣ «አንድ ነገር ጀምሮ ሲጨርስ በዓይኔ ልይና ያን ጊዜ ተመለሱ» ብለው ሸኟቸው። ወንዳወቅ ሦስት ቀን ሱቁን አልከፈተም። አንጀቴን በላኝ፤ አምፖሌ ግን ደህና ሰነበተች።

በአራተኛው ቀን መላ ይዞ መጣ። አያ ባዬ የሚውሉት ቦዩ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ፣ ከመንገድ ዳር በተሠራች የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። በስተቀኝ አንድ የቦይ አፍ አለ፣ በስተግራ ሌላ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ የቀኙን ለማየት ወጥተው እስኪመለሱ የግራውን ሌባ ይከፍተዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ሌባ አልያዙትም። ወንዳወቅ ታዲያ ጣሪያው ላይ ሁለት ካሜራ ተክሎ፣ እሳቸው እንደተቀመጡ ሁለቱን አፍ በአንድ ቴሌቪዥን ሊያሳያቸው ቆረጠ። ለዓርብ ቀጠሮም ያዘ።

ካሜራዎቹን ከቴሌቪዥኑ የምታገናኘው ኮምፒውተር መዳፍ የምታክል፣ ሊኑክስ በሚባል ፕሮግራም የምትሠራ ሰሌዳ ናት፤ ካሜራ የሚሰካባቸው አራት የዩኤስቢ ቀዳዳዎች አሏት። ሱቁ ውስጥ አንዱን ካሜራ ሲሰካ የእኔ ደጃፍ ከነደንበኞቼ ታየ። ሁለተኛውን ሲሰካ ግን ቦታ የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ መጣ። ኃይል አንሷት ይሆናል ብሎ የልብስ ካውያዬን ነቀለብኝ። አልሆነም። ገመድ ቀየረ። አልሆነም። ቦታ የለም ካለች የተሞላው ማስቀመጫዋ ነው ብሎ፣ ስንት ዓመት ያጠራቀመውን መዝሙርና ለቡሬ ሰዎች ሊያስተካክል የተረከበውን የሠርግ ፊልም ጭምር ጠርጎ አጠፋ። አሁንም ቦታ የለም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አልኩት። አልሳቀም።

ዓርብ ዕለት ዕቃውን እንደዚያው ይዞ ወደ ቦዩ ወረደ። ተራው የእኔ ስለነበር እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ሁለት ገበሬዎችም ቆመው ያያሉ። ካሜራዎቹን ጣሪያው ላይ ተከለ፤ ሲሰካ ሲነቅል ረፈደ። አያ ባዬ ወደ ሰሌዳዋ ጎንበስ ብለው፣

«ቀዳዳዋ ስንት ነው?» አሉት።

«አራት ነው፣ አያ ባዬ።»

«ከኋላቸውሳ ስንት ቦይ አለ?»

ወንዳወቅ እጁ ላይ ያለውን ገመድ አየ። «አንድ ነው። አራቱም በአንድ መስመር ነው የሚገቡ።»

«ፊት የገባው ምን ያህል ይጠይቃል?»

«ለትልቅ ምስል የሚበቃውን ሁሉ። ተጠቀመበትም አልተጠቀመበትም፣ ገና ሲጀምር አስቀድሞ ይይዘዋል።»

«ኧረ እንዲህ ያለውን ሰው አሳምሬ አውቀዋለሁ! ለአንዲት መደብ ባቄላ ቦዩን ሙሉ ይይዛል። ለኋለኛው ምን ይተርፈዋል? የፊተኛውን ድርሻ ቀንስና ክፈትለት እንጂ።»

ለካ የጠፋው ቦታ የመስመሩ ኖሯል። ወንዳወቅ የሁለቱንም ምስል አሳነሰ፣ በሴኮንድ የሚልኩትንም ብዛት ቀነሰ፣ ሰካ። ሁለቱ የቦይ አፎች ጎን ለጎን፣ ትንሽ እየተንቀጠቀጡ፣ ታዩ። እልልታዬን አቀለጥኩት። አያ ባዬ ወደ እሱ ዞረው አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ፣ በግራው ምስል ውስጥ መቆፈሪያ የያዘች ሴት ብቅ አለችና አፉን ከፈተችው። በእኔ ተራ! ቀሚሱን የሰፋሁት እኔ ስለሆንኩ ወዲያው አወቅኩት። የአያ ባዬ ባለቤት፣ እመት አስካለ ማርያም ናቸው፤ የሽንኩርት መደባቸውን ሊያጠጡ።

ማንም ሳይተነፍስ ወንዳወቅ ገመዱን ነቀለው። ምስሉ ጠፋ።

«ተበላሸ» አለ፣ መሬት መሬት እያየ። «እንግዲህ ምን ላድርግ፣ እንደ ልማዴ ነው።»

ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ሚስት የሚያገኝበትን፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ የጨረሰውን ሥራ በገዛ እጁ አፈረሰው።

አያ ባዬ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ። «መልሰህ ሰካው» አሉት። ሰካው። እመት አስካለ ማርያም አሁንም እየቆፈሩ ነበር።

«ሠላሳ ዓመት ራቴን እያቀረበች!» አሉ አያ ባዬ። ከዚያ ወደ ገበሬዎቹ ዞሩ። «የውሃ ሌባ ቅጣቱ ምንድን ነው?»

«አንድ ጋን ጠላ» አለ አንዱ ቀስ ብሎ።

«በዓመት አንድ ጋን ብንይዘው ሠላሳ ጋን ትጠምቃለች።» ወንዳወቅን ትከሻውን ያዝ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ሽማግሌዎችህን እሁድ ላክ። ጠላ አይቸግርም።»