የብስክሌቴ የፊት ጎማ

የብስክሌቴ የፊት አሞርዛተር ዘይት መትፋት ሲጀምር ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ላሉ አንድ ሽማግሌ ብስክሌት ሠሪ ሰጠኋቸው። አላመንኳቸውም፤ የበፊቱ ሠሪ ደህናውን ዕቃ አውጥቶ አሮጌ ገጥሞብኛል። እኛ የእርሻ ሠራተኞች ብስክሌታችን እንዳይሸጥብን እንደምናደርገው፣ የፊት ጎማውን ፈትቼ ይዤ ልወጣ ስል ከመንገዱ «አፈሳ!» የሚል ጩኸት መጣ። መኖሪያ ወረቀት የለኝም። ሽማግሌው ወደ ውስጥ ገፍተውኝ የቆርቆሮውን በር ከውጭ ቆለፉብኝ። አለቀልኝ፣ ሸጡኝ አልኩ። ጨለማው ውስጥ ጎማውን አቅፌ እንደተቀመጥኩ ፖሊሶች በሩን ደበደቡት። ሽማግሌው እንደ መንገደኛ ሆነው «ባለቤቱ የለም፣ ውስጡም ባዶ ነው» በዐረብኛ ሲሏቸው ሰማሁ። መኪናው ሲርቅ ከፈቱልኝና፣ «በል ልጄ፣ ጎማህን ይዘህ በጓሮ ሂድ፤ ብስክሌቱ ነገ ይደርስልሃል» አሉኝ። ጎማውን እዚያው ትቼላቸው ሄድኩ።