ሽታውን ያጠበ ሰው

ባሌ ላቨርን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራው አይብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የአይብ ውሃ ሽታ ከሰው ገላ ቶሎ አይለቅም። ጣት መሃል፣ ጆሮ ጀርባ፣ የሰዓት ማሰሪያ ሥር ይቀመጣል። እኔ ለምጄው ነበር፤ አጋዘን ግን አይለምደውም። በቀስት የሚያድን ሰው አጋዘኑን እስከ ሃያ እርምጃ ማስጠጋት አለበት። ከዚያ በፊት ነፋሱ የሰውየውን ሽታ ካደረሰለት የዚያ ቀን አደን አበቃ። ላቨርን በወጣትነቱ ሦስት መከር ሙሉ ዛፍ ላይ ባሰራው ማማ ተቀምጦ ባዶ እጁን ተመለሰ። በአራተኛው ዓመት ጥፋቱ ከራሱ ገላ እንደሆነ ወሰነና መታጠብ ጀመረ።

ከዚያ በኋላ መስከረም ሲጠባ ቤታችን ሌላ ሕግ ነበረው። ሽንኩርት አይጠበስም። እኔ ቅባት አልቀባም። እሱ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ጥርሱን በሶዳ ይፍቃል፣ ጓዳ ባለችው ጠባብ ክፍል ለብቻው ይተኛል። የአደን ልብሱን ሁለት ጊዜ አጥቤ ጥዱ ሥር ካለው ገመድ ላይ አሰጣለሁ። ሲደርቅ አጣጥፌ ክዳን ባለው ሣጥን ውስጥ፣ ከጥድ ቅጠልና ከደረቅ አፈር ጋር አስቀምጥለታለሁ። የጎማ ቦቲውን ጫካ ካልደረሰ አያደርግም። መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አቁሞ በብስክሌት ይሄዳል፤ ቀሪውን መንገድ በጅረቱ ውስጥ እየተራመደ ይጨርሳል። ስልኩን እንኳ መኪናው ውስጥ ትቶት ነው የሚሄደው፤ አይብ አይብ ይሸታል ብሎ።

ሰው ይስቅበት ነበር። ጓደኛው ኤልድን ዓርብ ዓርብ መንደሩ ከሚያዘጋጀው የዓሣ ጥብስ ግብዣ ሲመለስ በራችን ላይ ሳህን ይዞ ይቆማል።

«አርዲስ፣ ባልሽን ጥሪው፤ በመስኮት አጎርሰዋለሁ።»

«ዘይቱ ልብሴ ላይ ይሸታል ብሎ ነው እኮ የቀረው።»

«ስማ ላቨርን፣ አምና ሲጋራዬን እያጨስኩ ሁለት አጋዘን ጥያለሁ።»

ላቨርን ከውስጥ ሆኖ ይመልሳል፦ «እነሱማ ኑሮ መሯቸው ነው የመጡልህ።»

አምስት ማማ ነበረው፤ ሁሉም በአንድ ትልቅ ረግረግ ዙሪያ። አጋዘኖቹ ቀን ቀን የሚተኙት ረግረጉ መሃል ካለው ደረቅ መሬት ላይ ነው። ላቨርን ሲነጋጋ እንደ ጥጥ የሚበን የአረም ፍሬ ከኪሱ አውጥቶ ይለቅና ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ነፋሱ ከአጋዘኖቹ ወደ እሱ የሚመጣበትን ማማ ይመርጣል። የትኛው እንደሆነ ለማንም አይናገርም።

«ለእኔ እንኳ?» አልኩት አንድ ጊዜ።

«አንቺ ካወቅሽ ኤልድን ፊትሽ ላይ ያነበዋል።»

የኅዳር መጀመሪያ ነበር፤ ቅዳሜ። ወንዶቹ አጋዘኖች ሴቶቹን ፍለጋ የሚንከራተቱበት ሳምንት ነው። ላቨርን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ወጣ። ረፋድ አምስት ሰዓት ይመለሳል፤ ስምንት ሰዓት ላይ ፋብሪካ ይገባል። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ሥራው ላይ የዘገየው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም እናቱ የተቀበረች ዕለት።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ሾርባውን ከምድጃው አወረድኩ። ሰባት ሰዓት ላይ መልሼ ጣድኩት። ሬዲዮው ማታ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ እንደሚመጣ ይናገር ነበር። ላቨርን ያን ቀን የለበሰው ስስ ነገር ነው። ወፍራም ልብስ ያልበዋል፣ ላብ ደግሞ ይሸታል። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ለኤልድን ደወልኩ።

ኤልድን መኪናውን ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ አገኘው። ብስክሌቱ የለም። ስልኩ ወንበሩ ላይ ነበር፤ አምስት ያልተመለሱ ጥሪዎች ነበሩበት፣ ሁሉም የእኔ። ኤልድን ሁልጊዜ የሚቀልድ ሰው ነው። ያን ቀን ቀልድ አልነበረውም፤ ያስፈራኝ መጀመሪያ እሱ ነው።

እኔም ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ደረስኩ። ከዚያ ፖሊስ መጣ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መጡ፤ ትሩዲ የምትባል ሴት ከአነፍናፊ ውሻዋ ጋር መጣች። ትሩዲ ሰላምታዋ አጭር ነው።

«የሱን ሽታ የያዘ ነገር ስጪኝ፤ መኪናው ውስጥ ያለው ተነካክቷል። ያልታጠበ። ካልሲ፣ የትራስ ልብስ፣ ማንኛውም።»

ፖሊሱ ቤት ወሰደኝ። ገና ልጅ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የቆሸሸ ልብስ የምንጥልበትን ቅርጫት ከፈትኩ፤ የእኔ ሹራብ ብቻ ነው ያለው። አንሶላውንና ትራሱን ትናንት አጥቤያለሁ። የሥራ ልብሱ ፋብሪካ ነው የሚታጠበው፤ ዓርብ ሰብስበው ወስደውታል። ማበጠሪያውና የጥርስ ብሩሹ ሶዳ በሞላበት ብርጭቆ ውስጥ ቆመዋል። ጓዳው አልጋ ላይ ጎንበስ ብዬ ፍራሹን አሸተትኩት፤ ምንም የለም። ሠላሳ ዓመት የተኛሁት ከማን ጋር ነው? ሰውየው እዚህ ቤት ኖሮ የማያውቅ ይመስል ነበር፤ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ፣ በገዛ እጄ፣ በየሳምንቱ።

«አገኙ?» አለኝ ፖሊሱ ከበሩ።

«ሣጥኑ አለ» አልኩት።

ተመልሰን ሣጥኑን ለትሩዲ ሰጠኋት። ከሥር የቀረውን ትርፍ ሸሚዝ አውጥታ ለውሻው አቀረበችለት። ውሻው ረጅም ጊዜ አሸተተ። ቤተ ክርስቲያኑን አንድ ጊዜ ዞረ፣ መኪናውን ዞረ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ መጥቶ እግሬ ሥር ተቀመጠ።

ትሩዲ ሸሚዙን ገልብጣ እጥፋቱን አየች።

«ሸሚዙን ያጣጠፍሽው አንቺ ነሽ?» አለች ትሩዲ።

«አዎ።»

«እንግዲህ አንቺን አገኘ።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጨልማል። ኤልድን መሬቱ ላይ በእንጨት ረግረጉን ሥሎ ለሰዎቹ ያስረዳ ጀመር። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ እየመጣ ጆሮ ይቆርጥ ነበር።

«በዚህ ነፋስ ላቨርን ሊቀመጥ የሚችለው እዚህ ነው» አለ፣ የደቡብ ምሥራቁን ጠርዝ እየወጋ። «ሌላ ቦታ አይቀመጥም። ሰውየውን አውቀዋለሁ።»

ሰዎቹ ተሰልፈው ወደዚያ ገቡ። እኔ ከኋላ ተከተልኩ፤ ተቀመጪ ያለኝ ቢኖርም አልሰማሁትም። ሲጣሩ እሰማለሁ፤ «ላቨርን» ይሉና ቆም ብለው ያዳምጣሉ። ከአንድ ዛፍ ሥር ጥቁር ነገር አይቼ መራመድ አቃተኝ፤ የወደቀ ግንድ ነበር።

አንድ ማማ አገኙ። ባዶ ነው። ወንበሩ ላይ ደረቅ ቅጠል ተከምሯል፤ ዛሬ ማንም አልተቀመጠበትም።

ኤልድን ባርኔጣውን አውልቆ ራሱን አከከ። ያኔ ነው የአሳማዎቹ ነገር የመጣብኝ። ከቤታችን በስተ ደቡብ የክሩገር አሳማ እርባታ አለ። ነፋስ ከዚያ ሲመጣ ከሽታው የተነሣ ወጥ ቤቴ ውስጥ መቆም አይቻልም። ያን ቀን ማለዳ፣ ላቨርን ከወጣ በኋላ፣ መስኮቱን እየተሳደብኩ ዘግቼዋለሁ።

«ኤልድን፣ ጠዋት ነፋሱ ከደቡብ ነበር።»

«ከሰሜን ምዕራብ ነው እንጂ። ይኸው አፍንጫሽ ቀልቷል።»

«አሁን ነዋ። ሲነጋ የክሩገር አሳማዎች ወጥ ቤቴ ውስጥ ነበሩ። መስኮት ዘግቻለሁ።»

«ተሳስተሽ እንዳይሆን አርዲስ። ከተሳሳትሽ ሰዎቹን ሁሉ ማዶ ወስደን ይመሽብናል።»

«አውቃለሁ።»

ሁሉም እኔን ያዩ ነበር። ከተሳሳትኩ ላቨርንን የምገድለው እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። ኤልድን ወደ ሰማይ አየ፣ ወደ ትሩዲ አየ።

«ከደቡብ ከሆነ ሰሜን ጠርዝ ላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «መኪናዎቹን አንሱ።»

በሰሜን በኩል ለመድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። ዋርካ የሚያህሉ ዛፎች በረጅሙ ተደርድረው ረግረጉ ላይ ያበቃሉ። መብራት ይዘው ተበታተኑ። መጀመሪያ ያየነው ቀስቱን ነው፤ በገመድ ከማማው ላይ ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ከሥሩ ላቨርን በጎኑ ተኝቷል፤ አንድ እግሩ እግር በማይሄድበት አቅጣጫ ዞሯል። ፊቱ የሻማ ቀለም ነበረው።

ሞቷል ብዬ ነበር የተጠጋሁት። ዓይኑን ገለጠ።

«መሃል ለመሃል አትምጡ» አለ፤ ድምፁ ሹክሹክታ ነው። «የአጋዘኖቹ ዱካ ላይ ቆማችኋል።»

ኤልድን አጠገቡ ተንበረከከ። «ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ለምን አልጮህክም?»

«ነፋሱ ዞረብኝ። ቶሎ ካልወረድኩ ሽታዬ መኝታቸው ላይ ይወድቃል ብዬ ከዛፉ ጋር ያሰረኝን ጠፍር ፈታሁ፤ ወደቅሁ።» ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ጎድኑ ላይ ይወጋው ነበር። «መጀመሪያ አንድ ሰዓት ያህል አልጮህኩም። ቦታው እንዳይበላሽ። በኋላ ልጩህ ስል ድምፅ የለም።»

ኤልድን ሊስቅ ነው ብዬ ነበር። ተነሥቶ ጀርባውን ሰጠንና ቃሬዛ የያዙትን ሰዎች ሊመራ ወደ መንገዱ ሮጠ።

ላቨርን ያን ቀን አልሞተም። የሞተው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ባለፈው ሚያዝያ፣ በልብ ሕመም አልጋው ላይ ነው። ያን ጊዜ ግን ይህን የሚነግረኝ ሰው አልነበረም። ትሩዲ ካፖርቷን አልብሳው እጁን ዳሰሰችና እኔን ወደ ጎን ሳበችኝ።

«መንቀጥቀጡን አቁሟል፤ ይህ ደግ አይደለም። እንዳይተኛ። አናግሪው፣ የፈለግሽውን።»

በረዶ የቀላቀለው ዝናብ ጀመረ፤ ቅጠሉ ላይ እንደሚበተን ሩዝ ይንጣጣ ነበር። ጭቃው ላይ ተቀምጬ ራሱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። ምን እንደምለው አላወቅሁም። ሠላሳ ዓመት ከአደን ሲመለስ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀንቶሃል ወይስ አልቀናህም?

«አይተህ ነበር?» አልኩት።

«ምን?»

«አጋዘን።»

ዓይኑን ጨፈነ። ትከሻውን ነቀነቅሁት።

«ላቨርን፣ አይተህ ነበር?»

«ትልቅ ወንድ። ሦስት ሰዓት ላይ።»

«ከየት በኩል መጣ?»

«ከሸምበቆው።»

«ቀንዱስ?»

የሰዎቹ መብራት ገና ሩቅ ነው፤ በዛፎቹ መሃል ይጠፋና ይመለሳል።

«ቀንዱስ? ስንት ቅርንጫፍ አለው? ላቨርን፣ እየሰማኸኝ ነው?»

«አሥር» አለ። «አንዱ የተሰበረ።»

«በየትኛው በኩል?»

«በግራ።»

«ምን ያህል ቀረበህ?»

«አልቀረበም። ቆመ። አፍንጫውን አነሣ።»

«ከዚያስ?»

ጣቶቼን አንገቱ ላይ አድርጌ የደም ሥሩን ፈለግሁ፤ አገኘሁት፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና አገኘሁት።

«ከዚያስ?» አልኩት። «ከዚያስ ወዴት ሄደ?»