በስሜ ካልሆነ አይከፈትም

ሱቄ የታሸገው፣ ወተት ሻጮቹ ፍሪዘራቸውን ሊያሠሩ ባመጡበት ጠዋት ነው። ሱቄ ሞያሌ በኬንያ በኩል ነው፤ የካውንቲው አስተዳደር ሰውዬ በሬን በሰንሰለት አስሮ፣ «ማማ ፉንዲ፣ ፍሪጅና ኤሲ ለመጠገን የንግድ ፈቃድ፣ ሌሴኒው ብቻውን አይበቃም። የሙያ ምስክር ወረቀትና ኢንሹራንስም አምጪ» አለኝ። ፉንዲ ማለት ጠጋኝ ባለሙያ ነው፤ ሰፈሩ እንዲያ ነው የሚጠራኝ። ምስክር ወረቀት አለኝ! ሐዋሳ ተምሬ ያገኘሁት፣ ማኅተም ያለው። አገላብጦ አየውና «ይሄ የወዲያ ማዶ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሞያሌ ውስጥ ወዲያ ማዶ ማለት እኮ ለስኳር ተሻግረን የምንመለስበት ነው! የፍሪጅ ጋዝ ድንበር ሲሻገር ጠባዩን ይለውጣል እንዴ?

እውነቱን ለመናገር ሕጉን አልጠላሁትም። እዚሁ ሄሉ ሰፈር ውስጥ አንድ ፉንዲ በዘፈቀደ የቀጠለው የፍሪጅ ሽቦ የአንዲት ባሏ የሞተባትን ሴት ቤት አቃጥሏል። ሰውዬው በዚያው ቀን ድንበሩን ተሻግሮ ጠፋ፤ እሷ ባዶ እጇን ቀረች። ኢንሹራንስ ቢኖረው ኖሮ ቤቷ ይሠራላት ነበር። እኔን ያንጨረጨረኝ ሌላ ነው። ኢንሹራንስ ልገባ ብሄድ፣ «እዚህ አገር የታወቀ ምስክር ወረቀት ከሌለሽ አንቀበልሽም» አሉኝ።

የባለቤቴ ወንድም መላ ይዞ ከተፍ አለ። ናይሮቢ የሚኖር፣ ምስክር ወረቀቱን የሚያከራይ ሰው ያውቃል። «የሱን ግድግዳው ላይ ስቀዪ፤ ኢንሹራንሱም ሱቁም በሱ ስም ይሁን። ሁሉም የሚሠራው እንደዚህ ነው። አንቺ ጓዳ ሆነሽ ትጠግኛለሽ» አለኝ።

«ጓዳ? በገዛ ሱቄ?»

«ስም ምን ያደርግልሻል?»

«ኧረ ወዲያ! የሰው ወርቅ አያደምቅ! ነገ የሰው ቤት ቢቃጠል ያ ሰው ሞያሌን ረግጫትም አላውቅ ይላል። ያኔ ኢንሹራንሱ ለማን ሊከፍል ነው?» እሳት ጎረስኩ። እሱም «ግትር! ሲርብሽ ትመጫለሽ» ብሎኝ ሄደ። አዎ፣ ግትር ነኝ። ባልሆን ኖሮ ወንዶች እየሳቁብኝ ብየዳ አልማርም ነበር።

ከወተት ሻጮቹ መሀል ከዳበል መንደር የግመል ወተት የሚያስመጡ አንዲት የቦረና እናት አሉ። ነገሩን ሲሰሙ፣ «የጠፋው ዋስ ነው? እኛ አለን አይደል እንዴ!» አሉ። ቦረና ከብቱ ያለቀበትን ሰው አዋጥቶ መልሶ ያቋቁመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። እኔ ሞኟ ደግሞ አመንኩ! ከነጓደኞቻቸው ይዣቸው የካውንቲው ቢሮ ገባሁ። «ይህቺ ልጅ የሰው ንብረት ብታቃጥል የምንተካው እኛ ነን» አሉ፣ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን እየመቱ። ሱቄን ያሸገው ሰውዬ መጀመሪያ ሳቀ፤ ከዚያ ግን ተነሥቶ የራሱን ወንበር ሰጣቸው። «እናቴ፣ ቡሳ ጎኖፋ ያሳደገኝ ልጅ ነኝ። መንግሥት ግን ካራታሲ፣ ወረቀት ይፈልጋል» አላቸው።

አፈርኩ። ግን ልቤም ሞላ። ሴቶቹ ዋስ ሊሆኑ የመጡት ለኔ እንጂ ለናይሮቢው ሰውዬ አይደለም። «እንግዲያው እዚሁ አገር ፈትኑኝ!» አልኩት። ፈተናው በካውንቲው ዋና ከተማ በማርሳቢት እንደሚሰጥ ነገረኝ።

ሄድኩ። በእጅ የሚሠራውን አለፍኩ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ጣለኝ። አውቶቡስ ውስጥ አለቀስኩ፣ ምን አሳፍሮኝ! እስከዚያ ሱቄ እንደታሸገ፣ ሴቶቹም ወተታቸውን በበረዶ እያቆዩ ነው። የባለቤቴ ወንድም መጥቶ «አሁንስ?» ሲለኝ፣ «አሁንማ አጠናለሁ» አልኩት። አጠናሁ፣ ተመልሼ ሄድኩ፣ አለፍኩ።

አዲሱን ምስክር ወረቀት አሳይቼ፣ ለኢንሹራንስ ፍተሻ ሲባል ሰንሰለቱ በተፈታ ዕለት ወኪሉ ሱቁን ሊያይ መጣ። የእሳት ማጥፊያውን፣ የጋዝ ሲሊንደሮቹን አየ፣ ሁሉም ደኅና ነው አለ። ከዚያ ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አጠገቤ ለቆመው ለባለቤቴ ወንድም እስክሪብቶ አቀበለው። «ፉንዲው እዚህ ጋ ይፈርም።» እሱም ተቀብሎ ሊፈርም ጎንበስ አለ!

ከእጁ መነጨቅኩት። «ፉንዲዋ እኔ ነኝ» አልኩ። ለስም የተተወችው ቦታ ጠባብ ነበረች፤ እኔ ግን ስሜን እስከ አያቴ ድረስ ጻፍኩት።