የመጋቢው ሚስት የቀብር ወረቀት

እስቲ ይህን ወረቀት ተመልከቱት። ነገ በቀብሯ ላይ የሚነበብ የመጋቢው ሚስት የሕይወት ታሪክ ነው አሉ። ባሏ መቼ እንደተሾሙ፣ የት የት እንዳገለገሉ፣ ስንት ሰው እንዳጠመቁ ተዘርዝሯል። የሞተችው እሷ ናት ወይስ እሳቸው? ስለ እሷ ያለው «እንግዳ ተቀባይ ነበረች» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው።

ልጇ ወረቀቱን ይዛ ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ ደግሞ ትቀመጣለች። በመጨረሻ ወረቀቱን ያዘጋጁትን ሽማግሌ፣ «ጋሼ፣ የዚህን የጸሎት አዳራሽ የጣሪያ ቆርቆሮ የመታችው እናቴ ናት። እሱም ይጻፍ» አለቻቸው።

«ተይ እንጂ ልጄ፤ የመጋቢ ሚስት ጣሪያ ላይ ወጣች ተብሎ ይነበባል? ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ያኔ ከታች ቆሞ ያይ ነበር። እርስዎም ሚስማር ሲያቀብሉ ነበር።»

ጥግ ላይ አቀርቅረው የነበሩት መጋቢ ቀና አሉ።

«እኔ ከፍታ እፈራለሁ፤ መሰላሉን ነው የያዝኩት። እሷ ግን ጣሪያው ባፈሰሰ ቁጥር፣ ሦስት ክረምት ወጥታለች። ጻፊው ልጄ።»

የአባቷን ሹመት ሰረዘችና ቆርቆሮውን በቦታው ጻፈች። ልቧ ግን አላረፈም፤ እሷ ያላየችው፣ ማንም ያልነገራት ስንት ነገር ቀረ?

እባካችሁ፣ የእናታችሁ ቀብር እስኪደርስ አትጠብቁ። ዛሬውኑ አጠገቧ ተቀምጣችሁ ምን ስትሠራ እንደኖረች ጠይቋት።