የሬሕማ መሰላሎች

ወላሂ፣ እኔን አፌ ነው የሚያጠፋኝ። ኻርቱም፣ ጀሪፍ ሰፈር ውስጥ ስምንት ዓመት ፕሌይስቴሽን ቤት ስይዝ፣ ስለ ጌም ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር። "ዘንድሮ የሚወጣው ሁሉ ያው የድሮው ነው፣ ቀለም ቀብተውት! አዲስ ዓይነት የሚከፍት ጨዋታ ድሮ ቀረ" እላለሁ። ጓደኛዬ በየነ ደግሞ ሊያናድደኝ ይሁን ከልቡ እንጃ፣ በየቀኑ ይከራከረኛል።

ሬሕማ የወሎ ልጅ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ ካፉሪ ሰፈር አንድ ቪላ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የምታርፈው ጁምዓ ብቻ ነው። በዚያች ቀን ድልድዩን ተሻግራ እኔ ዘንድ ትመጣና ማንም የማይነካውን አንድ ጨዋታ ትከፍታለች። አንድ ሰውዬ ጀርባው ላይ ዕቃ ቆልሎ ተራራና ወንዝ ያቋርጣል፣ በቃ። በየመንገዱ መሰላል ይተክላል፤ በዚያ መሰላል ሌላ አገር ያለ፣ የማያውቀው ተጫዋች በኢንተርኔት ይወጣበታል።

"ይሄ ኩሊነት እንጂ ጨዋታ ነው?" አልኩ አንድ ጁምዓ፣ ሰው በተሰበሰበበት።

ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፣ "ጋሼ ዓለምነህ፣ እዚህ ያሉት ሁሉ ማሸነፍ ናቸው። ይሄ ለሚመጣው ሰው መንገድ ማቃናት ነው። ዓይነቱ ሌላ ነው" አለችኝ። "እኔ ከመተማ በእግሬ ስመጣ፣ እንዲህ ያለ መሰላል ማን ተከለልኝ?"

በየነ አጨበጨበ። "አስተማረችህ!" ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። የሰው ቤት ሠራተኛ፣ በገዛ ቤቴ! እንዲህ ነው ያሰብኩት፣ አፈር ልብላ።

በማግስቱ በየነን ጠርቼ፣ "ና፣ ከመጀመሪያው ላሳይህ፤ ከየት ከየት እንደተቀዳ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ" አልኩት። እኛ ቤት ደንበኛው ሁሉ የሚጫወተው በእኔ ስም ነው። አዲስ ልጀምር ስል ማሽኑ "የቀድሞው ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀኝ። የማን እንደሆነ አውቃለሁ። እልህ ይዞኝ "አዎ" አልኩት። የሰባት ወር ጁምዓዋ ነበር። ለመጨረስ አራት ጁምዓ ቢቀራት ነው፣ ራሷ ነግራኛለች።

ስትመጣ፣ "ከህረባው ድንገት ሄዶ ጨዋታሽን በላው" አልኳት። ኻርቱም ውስጥ ከህረባ፣ መብራት ማለት ነው፣ ጠፋ ቢሉት ማን ይጠረጥራል?

"በእኔ ነው ጋሼ፣ በደንብ ሳላስቀምጥ ተነስቼ ይሆናል። ማሽኑንስ አበላሸሁብህ እንዴ?" ብላ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እኔን! "መዓሌሽ፣ ምንም አይደል" አለችና ከአንድ ጀመረች። ያን ቀን ሻይ አዝዤላት ቀና ብዬ ላያት አቃተኝ።

ከአምስት ጁምዓ በኋላ ጦርነቱ ገባ። ቤቴ ተዘረፈ፣ እሷ አገሯ ገባች። ባላጠፋው ኖሮ ጨርሳው ነበር የምትሄደው።

ዘንድሮ ወደ ባዶው ክፍል ተመልሻለሁ። በየነ ያንን ጨዋታ ተከትለው የተሠሩ ሌሎች እንደወጡ በስልኩ አሳየኝ። ልክ ነበረች፣ አዲስ ዓይነት ነበር፤ ለማን ልንገረው?

ትናንት የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። "ጋሼ፣ ደህና ነህ? እኔ ወልጃለሁ፣ አልሐምዱሊላህ። አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ እንዳትስቅብኝ። የዚያ ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ? አንተ ሳትጨርሰው አትቀርም።"

እኔ የመጀመሪያውን ወንዝ እንኳ አልተሻገርኩም። ሦስት ጊዜ ድምፄን ቀድቼ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት። በአራተኛው፣ "ሬሕማ፣ ያን ጊዜ ከህረባው አልሄደም ነበር" ብዬ ላክሁላት።